በዋሽንግተን ዲሲ ብዙ ቤተሰብ በሚኖርባቸው ሕንፃዎች ስላለው የቤት ጥገና ደንብና ስለ መሻሻሉ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለተከራይ ጎረቤቶቼ ሳስተረጉም ደጋግመው ካጋጠሙኝ ጥያቄዎች የተሰበሰበ ነው፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቤት ጥገና ደንብ ምንድን ነው? ከግንባታ ደንብ በምን ይለያል?

የግንባታ ደንብ ሕንፃ ሲሠራ ወይም ሲለወጥ ምን ማሟላት እንዳለበት ይደነግጋል። የጥገና ደንብ ደግሞ ሰው ገብቶ መኖር ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ሕንፃው በምን ሁኔታ ላይ መቆየት እንዳለበት የሚናገር ነው። ጣሪያው እንዳያፈስ፣ ማሞቂያው እንዲሠራ፣ ደረጃው መደገፊያ እንዲኖረው፣ የመውጫው በር ከውስጥ ያለ ቁልፍ እንዲከፈት፣ አይጥና በረሮ እንዳይራባ የሚያስገድደው ይህ ደንብ ነው።

በዲሲ ሁለት ደንቦች ጎን ለጎን ይሠራሉ። አንደኛው መሠረቱ በ1950ዎቹ የተጣለውና ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ የተሻሻለው የመኖሪያ ቤቶች ደንብ ሲሆን በከተማዋ የደንቦች ስብስብ ውስጥ ርዕስ 14 ላይ ይገኛል። ሁለተኛው ብዙ የአሜሪካ ከተሞች ከሚጠቀሙበት የናሙና ኮድ ተወስዶ ለዲሲ የተስተካከለው የንብረት ጥገና ኮድ ነው፤ እርሱም ርዕስ 12 ክፍል ጂ ይባላል። ተከራይ የአንቀጽ ቁጥር በቃሉ መያዝ አይጠበቅበትም። ነገር ግን አከራዩ «እንዲህ የሚል ሕግ የለም» ሲል ሁለቱ መኖራቸውን ማወቅ ልብ ይሰጣል።

እኔ የተከራየሁት የሰው ምድር ቤት ነው፤ የጽሑፍ ውልም የለኝም። ደንቡ ይመለከተኛል?

ይመለከትዎታል። ደንቡ የሚከተለው ሰው የሚኖርበትን ቤት ነው፤ ባለ 200 ክፍል አፓርትመንት ይሁን አንድ ምድር ቤት ለውጥ የለውም። በቃል የተደረገ የኪራይ ስምምነትም በዲሲ የኪራይ ስምምነት ነው። ኪራይ የከፈሉበትን ማንኛውንም ማስረጃ ያስቀምጡ፤ የባንክ ዝውውር፣ ደረሰኝ፣ በስልክ የተላላኩት መልእክት ሁሉ ይጠቅማል።

የስደት ወረቀት ጉዳይም እዚሁ ይመለስ። የጥገና ደንቡ የሚመረምረው ቤቱን እንጂ የተከራዩን ሰነድ አይደለም። ይህን ባለማወቅ ስንት ክረምት በብርድ ያሳለፉ ሰዎች አውቃለሁ።

ባለቤቱ የግድ ማሟላት ያለበት ምን ምንድን ነው?

ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው። ማሞቂያውን የሚቆጣጠረው ባለቤቱ ከሆነ በብርድ ወራት የቤቱ ሙቀት ቀን ቢያንስ 68፣ ሌሊት ደግሞ 65 ዲግሪ ፋራናይት መሆን አለበት፤ በእኛ ልኬት 20 እና 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ሙቅ ውሃን በተመለከተ የናሙና ኮዱ የሚጠይቀው ከቧንቧው ቢያንስ 110 ዲግሪ ፋራናይት ሆኖ እንዲወርድ ነው። የጭስ መጠቆሚያ በእያንዳንዱ መኝታ ክፍል ውስጥ፣ ከመኝታ ክፍሎቹ ደጅ እና በየፎቁ መኖር አለበት።

የናሙና ኮዱ መኝታ ክፍል ቢያንስ 70 ካሬ ጫማ እንዲሆን፣ ከአንድ ሰው በላይ ሲተኛበት ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰው 50 ካሬ ጫማ እንዲኖር ይጠይቃል። ወጥ ቤት መኝታ ቤት ሊሆን አይችልም። የመስኮት ብረት ካለ ከውስጥ ያለ ቁልፍና ያለ መሣሪያ መከፈት አለበት። ይህን የመጨረሻውን ዛሬውኑ ተነሥተው ይሞክሩት። እሳት በተነሣበት ሌሊት ቁልፍ የሚፈልግ መስኮት ከግድግዳ አይሻልም።

በረሮና ትኋን ሲመጣ «አንተ ነህ ያመጣኸው» ይሉኛል። ማን ነው የሚያስወግደው?

ከአንድ በላይ ቤተሰብ በሚኖርበት ሕንፃ የጋራ ቦታዎችንና ግቢውን ከተባይ ማጽዳት የባለቤቱ ግዴታ ነው። ተከራዩ በራሱ ቸልተኝነት ችግሩን ፈጥሮ ከሆነ እንኳ የናሙና ኮዱ ባለቤቱንም አብሮ ተጠያቂ ያደርጋል እንጂ ተከራዩ ላይ ብቻ አይጥለውም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በረሮ በቧንቧና በግድግዳ ስንጥቅ ከቤት ቤት ይዘዋወራል፤ አንድ ክፍል ብቻ መርጨት ወደ ጎረቤት መንዳት ነው።

ማሞቂያው ቆሟል፤ ለአስተዳዳሪው በአፍ ነግሬዋለሁ። አይበቃም?

አይበቃም። በአፍ የተነገረ ነገር ነገ «አልሰማሁም» ይባላል። በኢሜይል ወይም በስልክ መልእክት ይጻፉ፤ በደብዳቤ ከሆነ ቅጂውን ፎቶ ያንሡ። መቼ እንደተበላሸ፣ የት እንደሆነ፣ መቼ እንዳሳወቁ፣ ምን እንደተመለሰልዎ በቀን በቀኑ ይመዝግቡ።

አንዲት እናት ጉዳያቸውን ይዘው ሲመጡ እጃቸው ላይ የነበረው ከቤተ ክርስቲያን የገዙት የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ብቻ ነበር። በየዕለቱ ሳጥን ውስጥ በቀጭን እስክሪብቶ «ብርድ»፣ «ውሃው ቀዝቃዛ»፣ «ደወልኩ፣ አላነሣም» እያሉ ጽፈውበታል። ማሞቂያው የቆመው በኅዳር ጽዮን ዕለት ነው፤ እስከ ታኅሣሥ ገብርኤል አልተሠራም። እኛ ያደረግነው ቀኖቹን ወደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መመለስ ብቻ ነበር፤ ከኖቬምበር 30 እስከ ዲሴምበር 28 ሆነ። ከዚያ በፊት «አንዴ ሁለቴ ነው የተቋረጠው» ይል የነበረው አስተዳዳሪ ገጾቹን ካየ በኋላ ያን ቃል አልደገመም። ቋንቋው አማርኛ መሆኑ ማስረጃነቱን አልቀነሰውም።

አቤቱታ የማቀርበው የት ነው?

መጀመሪያ ለባለቤቱ በጽሑፍ፤ ካልጠገነ ለከተማዋ የሕንፃዎች መሥሪያ ቤት። ይህ መሥሪያ ቤት ራሱን ችሎ የቆመው ኦክቶበር 1 ቀን 2022 ነው። ከዚያ በፊት ግንባታውንም፣ የንግድ ፈቃዱንም፣ የቤት ቁጥጥሩንም አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ይዞት ነበር። ሥራው ለሁለት ሲከፈል የሕንፃ ቁጥጥሩ ለብቻው፣ የፈቃድና የሸማቾች ጥበቃው ለብቻው ሆነ። ስለዚህ በድሮው ስም የሚያውቁትን ቢሮ ፈልገው ካጡት አይደነቁ።

በስልክ 311 ደውለው የቤት ቁጥጥር እንዲደረግልዎ መጠየቅ ይችላሉ። የሚሰጥዎትን የጥያቄ ቁጥር ሳይጽፉ ስልኩን አይዝጉ። የሕግ ምክር ለመጠየቅ ደግሞ የከተማዋ የተከራዮች ጠበቃ ቢሮ አለ፤ የሚያገለግለው ተከራዩን ነው።

እንግሊዝኛ አልችልም። ልጄ ያስተርጉምልኝ?

ልጅዎን ከዚህ ያሳርፉት። በ2004 የወጣው የዲሲ የቋንቋ አቅርቦት ሕግ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ በነጻ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ አማርኛም በዚህ ሕግ ሥር ዋና ከሚባሉት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ስልክ ሲያነሡ «አማሪክ» ብለው ቋንቋዎን ብቻ ይናገሩና ይጠብቁ። የ10 ዓመት ልጅ «የቧንቧው መጋጠሚያ ያፈሳል» የሚለውን እንዴት እንደሚያስተረጉም ሳይሆን የቤቱን ችግር ሁሉ ትከሻው ላይ እንዴት እንደሚሸከም ነው የሚያሳስበኝ።

ተቆጣጣሪው ሲመጣ ምን ይደረጋል?

ክፍል ለክፍል ያያል፣ ፎቶ ያነሣል፣ ሙቀት ይለካል፣ ቧንቧ ይከፍታል። ያገኘውን ጥሰት ይመዘግብና ለባለቤቱ የጥሰት ማስታወቂያ ይላካል፤ ቅጣትም አለው። ማሞቂያ ማጣትን ለመሰለ ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው፤ ለሌላው ረዘም ያለ ቀጠሮ ይሰጣል።

የችግሮቹን ዝርዝር አስቀድመው በወረቀት ይጻፉ። እንግዳ ቤት ሲገባ ቤቱን ማሳመር ባህላችን ነው፤ በዚህ ቀን ግን የሚያፈሰውን ቧንቧ በጨርቅ አይጠቅልሉት፣ የሻገተውን ግድግዳ በመጋረጃ አይሸፍኑት። ቡና አፍልተው ቢያቆዩአቸውም አይጠጡ ይሆናል፤ በሥራ ላይ ናቸው፤ አይቀየሙ። ቀጠሮው ላይ ቤት ውስጥ መገኘት ግን የግድ ነው። ተቆጣጣሪው አንኳኩቶ የሚከፍትለት ካጣ ጉዳዩ ሊዘጋ ይችላል።

ስለ ሻጋታ የተለየ ሕግ አለ ይባላል። እውነት ነው?

አዎ። በ2014 የወጣ ሕግ ተከራዩ በጽሑፍ ካሳወቀ ባለቤቱ በ7 ቀን ውስጥ እንዲመረምር፣ ሻጋታው ከተገኘ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ እንዲያስወግድ ያዝዛል። ሻጋታው 10 ካሬ ጫማና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ነው ሥራውን የሚሠራው። ቀለም ቀብቶ መሄድ ማስወገድ አይደለም፤ እርጥበቱ የሚመጣበት ካልተደፈነ በሁለት ወር ተመልሶ ይወጣል።

የእንጀራ ምጣዱን ስሰካ መብራቱ ይጠፋል። ጥፋቱ የእኔ ነው ወይስ የቤቱ?

ሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ በሒሳብ እንየው። በቤት ውስጥ የሚሰካ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ጊዜ 1,500 ዋት ይስባል። በአሜሪካ ቤት ያለው መደበኛ መስመር 15 አምፒር ሲሆን ከ1,800 ዋት በላይ አይችልም። ምጣዱ ተሰክቶ እያለ በዚያው መስመር ማይክሮዌቭ ወይም የውሃ ማፍያ ከተጨመረ መቆጣጠሪያው መስመሩን ይቆርጣል። መቁረጡ ደግሞ መልካም ነው፤ ሥራው እሳትን መከላከል ነው። ስለዚህ እንጀራ ሲጋግሩ ምጣዱን ለብቻው ይስኩት።

ምጣዱ ብቻውን ተሰክቶም መስመሩ ከተቆረጠ፣ ሶኬቱ ከሞቀ፣ ከጠቆረ ወይም ከሸተተ ግን ጉዳዩ የሕንፃው ጥገና ነው፤ በጽሑፍ ያሳውቁ። መፍትሔ ብለው ከሳሎን ማስረዘሚያ ገመድ ስበው በምንጣፍ ሥር አያሳልፉ። የናሙና ኮዱ ተንቀሳቃሽ ገመድ በቋሚ መስመር ፋንታ እንዳያገለግል ይከለክላል፤ ለአንድ ሰዓት ጋገራ የተዘረጋ ገመድ ደግሞ በእኛ ቤት ዓመቱን ሙሉ ተዘርግቶ ይቀራል።

ዕጣን ሳጨስና ቡና ስቆላ የጭስ መጠቆሚያው ይጮኻል። ብነቅለውስ?

አይንቀሉት፤ ባትሪውንም አያውጡ። መስኮት ይክፈቱ፣ ቡናውን ከምድጃው በላይ ያለው የጭስ መሳቢያ ማራገቢያ እየሠራ ይቁሉ፤ በጣም ከተቸገሩ ባለቤቱ የመጠቆሚያውን ቦታ እንዲያስተካክል ይጠይቁ።

ከዕጣኑ ይበልጥ የምፈራው ከሰሉን ነው። በተዘጋ አፓርትመንት ውስጥ ከሰል ማንደድ የማይሸትና የማይታይ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል፤ ራስ ያዞራል፣ ያስተኛል፣ ይገድላል። አገር ቤት ከሰሉ የሚቀጣጠለው ደጅ ነበር፤ ቤቱም አየር ያስገባ ነበር። የእዚህ አገር መስኮት በክረምት ጥርቅም ብሎ የሚዘጋ ነው። ጀበናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ ያፍሉ፤ ሥርዓቱ አይጎድልም።

ጋዝ ጋዝ ይሸተኛል፤ አንዳንዴ ይጠፋል። ላሳውቅ ወይስ ልጠብቅ?

አይጠብቁ። መብራት ሳያበሩ፣ ሳያጠፉ፣ ቤተሰቡን ይዘው ይውጡ፤ ደጅ ከሆኑ በኋላ 911 ይደውሉ። ከዚያም ለባለቤቱ በጽሑፍ ያሳውቁ።

ከዲሲ ወሰን አለፍ ብሎ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ኦገስት 10 ቀን 2016 አንድ አፓርትመንት በጋዝ ፍንዳታ ፈርሶ 7 ሰዎች ሞተዋል። የአገሪቱ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ መርምሮ የደረሰበት በምድር ቤቱ የቆጣሪ ክፍል ውስጥ የነበረው የጋዝ መቆጣጠሪያ የማስተንፈሻ ቧንቧው አለመያያዙን ነው። ከፍንዳታው ሁለት ሳምንት በፊት አንድ ነዋሪ ሽታውን አሳውቆ ነበር። የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጡ፤ የቆጣሪው ክፍል ቁልፍ ግን ተቀይሮ ስለነበር ሊገቡ አልቻሉም። በሕንፃዎ ውስጥ የቆጣሪው ክፍል ቁልፍ ማን ዘንድ እንዳለ ይጠይቁ። አስተዳዳሪው «ምን አገባህ» ቢልዎ ይህን ታሪክ ይንገሩት።

ብከስ ያስወጡኛል?

ስላመለከቱ ብቻ ሊያስወጡዎ አይችሉም። በ1968 በዲሲ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት የታየ ጉዳይ ነበር። ተከራይዋ የቤቷን ጉድለት ለከተማው ስላመለከተች አከራዩ ሊያስወጣት ሞከረ፤ ፍርድ ቤቱ ይህን የበቀል እርምጃ አልፈቀደም። ዛሬ በከተማዋ ሕግ አከራዩ አቤቱታ በቀረበ በ6 ወር ውስጥ ውል ለማቋረጥ ወይም ኪራይ ለመጨመር ቢነሣ ፍርድ ቤቱ መነሻው በቀል እንደሆነ አድርጎ ይገምታል፤ የተለየ ምክንያት እንዳለው ማሳየት የአከራዩ ፋንታ ይሆናል።

ሌላም ይወቁ። በዲሲ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ማንም ከቤቱ አይወጣም። ትእዛዙን የሚያስፈጽሙትም የፌዴራል ማርሻሎች ናቸው። ቁልፍ መቀየር፣ ውሃና መብራት መቁረጥ፣ ዕቃ ደጅ ማውጣት ሕገ ወጥ ነው። እንዲህ ካደረጉብዎ ፖሊስ ይጥሩ።

እስኪጠገን ድረስ ኪራይ ብከለክልስ?

መብቱ አለ፤ አደጋም አለው። በ1966 ከአሥራ አራተኛው ጎዳና ዳር፣ ክሊፍተን ቴራስ በሚባል አፓርትመንት የሚኖሩ ተከራዮች ቤቱ የመኖሪያ ደንቡን በብዙ መቶ ቦታ ጥሷል ብለው ኪራይ ሳይከፍሉ ቀሩ። በ1970 ዳኛ ስኬሊ ራይት በጻፉት ውሳኔ ፍርድ ቤቱ፣ አከራይ ለተከራዩ የሚሸጠው ግድግዳና ጣሪያ ብቻ ሳይሆን ሊኖሩበት የሚቻል ቤት ነው፤ መለኪያውም የከተማው የቤት ደንብ ነው አለ። ጃቪንስ በሚል ስም የሚታወቀው ይህ ውሳኔ በመላው አሜሪካ የኪራይ ሕግን ለውጧል። መነሻው ብዙዎቻችን በየቀኑ በአውቶቡስ የምናልፍበት ሰፈር ነው።

ነገር ግን ኪራይ የከለከለ ሰው ሊከሰስ ይችላል፤ ክሱ ከቀረበ በኋላ ዳኛው ገንዘቡ ለፍርድ ቤቱ ሒሳብ እንዲከፈል ሊያዝዝ ይችላል። ያን ቀን ገንዘቡ በእጅ ከሌለ መብቱም ይዳከማል። ስለዚህ ጠበቃ ሳያማክሩ አይጀምሩ። ከጀመሩም እያንዳንዱን የወር ኪራይ በተለየ የባንክ ሒሳብ ያስቀምጡ፤ ለዕቁብም ቢሆን አይንኩት።

ቤቱ ፈቃድ የለውም፤ ባመለክት ቤቱ ተዘግቶ ጎዳና ላይ እወድቃለሁ። ዝም ብል አይሻልም?

ከሁሉ የሚከብደኝ ጥያቄ ይህ ነው፤ የሚጠይቁኝ ሰዎች ስጋት እውነተኛ ስለሆነ። ኦገስት 18 ቀን 2019 በዲሲ ኬኔዲ ጎዳና ላይ ያለ፣ ያለ ፈቃድ በጠባብ ክፍሎች ተከፋፍሎ የሚከራይ ቤት ተቃጥሎ አንድ ጎልማሳና አንድ ልጅ ሞቱ። ሁለቱም ወገኖቻችን ነበሩ። ከወራት በፊት በዚያው ዓመት አንድ ፖሊስ ቤቱ ውስጥ ገብቶ ያየውን አደጋ ለሚመለከታቸው የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ጽፎ ነበር። ደንቡ ነበረ፤ ጥቆማውም ደርሶ ነበር። ነገሩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ግን ቤቱ ውስጥ ገብቶ እርምጃ የወሰደ ሰው አልተገኘም፤ እሳቱ ቀደመ።

ከዚህ የተማርኩት ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው ዝም ማለት ቤት አይጠብቅም፤ መውጫ የሌለው ክፍል እሳት እስኪነሣ ብቻ ነው ቤት የሚሆነው። ሁለተኛው አንድ ጥቆማ አይበቃም፤ ቁጥሩን ይዞ በየሳምንቱ መጠየቅ፣ መልስ ከጠፋ ለምክር ቤት አባሉ ቢሮ ማሳወቅ ያስፈልጋል። በሰፈርዎ የተመረጠው የምክር ቤት አባል ቢሮ ውስጥ የነዋሪዎችን ጉዳይ የሚከታተሉ ሠራተኞች አሉ።

ቤቱ ለሕይወት የሚያሰጋ ሆኖ ከተገኘ ሊዘጋ ይችላል፤ ይህን አልደብቅዎትም። ከማመልከትዎ በፊት የተከራዮች ጠበቃ ቢሮን ወይም ነጻ የሕግ አገልግሎት የሚሰጡ ጠበቆችን ያነጋግሩ፤ ጊዜያዊ ማረፊያ ከየት እንደሚገኝ አብረው ይወጥናሉ። እስከዚያው ግን የጭስ መጠቆሚያ ዛሬ ገዝተው ይስቀሉ፤ ከምትተኙበት ክፍል የሚያስወጡ ሁለት መንገዶችንም ከልጆችዎ ጋር በጨለማ ሄደው ይለማመዱ።

ደንቡ ሲጠብቅ፣ ጥገናው ሲበዛ ኪራዬ አይጨምርም?

በኪራይ ቁጥጥር ሥር ባለ፣ ማለትም የኪራይ ጭማሪውን የ1985 ሕግ በሚገድበው ሕንፃ፣ መደበኛ ጥገና ለተለየ ጭማሪ ምክንያት አይሆንም። የፈሰሰ ቧንቧ መጠገን ባለቤቱ በሚቀበለው ኪራይ ውስጥ ያለ ሥራ ነው። እንደ አዲስ የማሞቂያ ሥርዓት ላለ ትልቅ ማሻሻያ ባለቤቱ ተጨማሪ ኪራይ መጠየቅ የሚችለው ለከተማዋ የኪራይ አስተዳዳሪ አመልክቶ ሲፈቀድለት ነው። ተከራዮችም ተቃውሞ የማቅረብ መብት አላቸው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ አለ። በዚሁ የ1985 ሕግ መሠረት ክፍሉና የጋራ ቦታዎቹ የቤት ደንቡን በዋና ዋና ነገር የማያሟሉ ከሆነ ባለቤቱ ዓመታዊውን ጭማሪ እንኳ ማድረግ አይችልም። የጭማሪ ማስታወቂያ በደረሰዎ ዕለት የጥሰት መዝገብዎን ያውጡ።

«ሕንፃው አሮጌ ነው፤ አዲሱ ደንብ አይመለከተውም» ይሉኛል። ልክ ናቸው?

ግማሹ ልክ ነው፤ የሚያሳስተውም ለዚህ ነው። አዲስ የግንባታ ደንብ ወጣ ተብሎ በ1930 የተሠራ ሕንፃ ደረጃው ፈርሶ በአዲሱ ስፋት አይሠራም። የጥገና ደንቡ ግን የተጻፈው ለነባር ሕንፃዎች ነው። ደረጃው ጠባብ ሊሆን ይችላል፤ የተሰበረ ሊሆን ግን አይችልም። ማሞቂያው የድሮ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ የቀዘቀዘ ግን አይሆንም።

በአሮጌ ቤት በተለይ የሚጠነቀቁለት ነገር እርሳስ ያለበት ቀለም ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ ለመኖሪያ ቤት የተከለከለው በ1978 ስለሆነ ከዚያ በፊት በተሠራ ቤት የሚላላጥ ቀለም ካዩ ሕፃናትን አርቀው ያሳውቁ። እርሳስ የልጅን አእምሮ ይጎዳል፤ ደረቅ ፍቆ መጥረግ ደግሞ አቧራውን ያበዛዋል።

ደንቡ የሚሻሻለው እንዴት ነው? ተከራይስ ምን ድርሻ አለው?

የናሙና ኮዱን የሚያዘጋጀው ዓለም አቀፍ የኮድ ምክር ቤት በየሦስት ዓመቱ አዲስ እትም ያወጣል። ዲሲ እትሙን እንዳለ አትቀበልም። የኮድ አስተባባሪ ቦርድ አለ፤ የሚጨመረውንና የሚቀነሰውን ያረቅቃል። ረቂቁ በከተማዋ ይፋዊ ጋዜጣ ወጥቶ የሕዝብ አስተያየት ይቀበላል፤ ከዚያም ወደ ምክር ቤቱ ይሄዳል። መንገዱ ረጅም ነው፤ ሜይ 29 ቀን 2020 ሥራ ላይ የዋለው የከተማዋ ኮድ የተመሠረተው በ2015 እትም ላይ ነበር። ከዚህ ውጭ 13 አባላት ያሉት የከተማዋ ምክር ቤት በራሱ ሕግ ማውጣት ይችላል፤ የሻጋታው ሕግ የመጣው እንዲህ ነው።

የሕዝብ ስብሰባ ሲጠራ ቀድሞ የተመዘገበ ማንኛውም ሰው ይናገራል፤ ለአንድ ሰው የሚሰጠው ጊዜ ብዙውን ጊዜ 3 ደቂቃ ነው። አስተርጓሚ ቀደም ብለው ይጠይቁ። የባለቤቶች ማኅበራት ጠበቃ ቀጥረው፣ የወጪ ሠንጠረዥ ይዘው ይመጣሉ። እኛ ስንቀር በመዝገቡ ላይ የሚቀመጠው የእነርሱ ቃል ብቻ ነው። በእኔ አስተያየት በሚቀጥሉት ማሻሻያዎች ልንጠይቀው የሚገባው ዋናው ነገር አዲስ አንቀጽ አይደለም። ከተማዋ አቤቱታ ሳትጠብቅ በራሷ ፕሮግራም ሕንፃዎችን ዞራ የምታይበት ቁጥጥር መብዛትና በሰዓቱ መደረግ አለበት። አቤቱታን ብቻ የሚጠብቅ ሥርዓት የሚጎዳው ማመልከት የሚፈራውን ነው።

ባለቤቱ ተቀጥቶም ካልጠገነስ?

በዲሲ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከ2010 ጀምሮ የቤት ሁኔታ ጉዳዮች ብቻ የሚታዩበት ችሎት አለ። ተከራይ ያለ ጠበቃም ቢሆን እዚያ ሊከስ ይችላል። ችሎቱ ባለቤቱ እንዲጠግን ያዝዛል፤ የሚያጣራ የቤት ተቆጣጣሪም አለው። የቀረበው ጥያቄ ጥገና ብቻ ስለሆነ ጉዳዩ ከተለመደው ክስ ይፈጥናል። ከተማዋም በአጣዳፊ ሁኔታ ራሷ ጠግና ወጪውን በንብረቱ ላይ ዕዳ አድርጋ ማስመዝገብ ትችላለች። ሕንፃው ጨርሶ ከተበላሸ የከተማዋ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሕንፃውን የሚረከብና የሚያስጠግን ሰው ፍርድ ቤት እንዲሾም ሊጠይቅ ይችላል።

ይህ ሁሉ በአንድ ተከራይ ድምፅ ይከብዳል። በዕድር ለኖረ ሰው የተከራዮች ማኅበር አዲስ ነገር አይሆንበትም፤ ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ በወር አንድ ስብሰባ። የሳልቫዶር ሰዎች በሁለተኛው ፎቅ፣ እኛ በሦስተኛው ብንሆንም የሚያፈሰው ጣሪያ አንድ ነው፤ ስብሰባው በሁለት ቋንቋ ይሁን። ማኅበሩን በሕግ ማቋቋም ደግሞ ሌላ በር ይከፍታል። በ1980 በወጣው ሕግ መሠረት የሚከራይ ሕንፃ ሲሸጥ ተከራዮች ቅድሚያ የመግዛት ዕድል አላቸው፤ አምስትና ከዚያ በላይ ክፍሎች ባሉት ሕንፃ ይህን መጠቀም የሚችሉት ተደራጅተው ሲቀርቡ ነው። ሕጉ ባለፉት ዓመታት ስለተሻሻለና ከእርሱ የወጡ ቤቶች ስላሉ የሽያጭ ማስታወቂያ በደረሳችሁ ቀን፣ ሳታሳድሩ፣ ለተከራዮች ጠበቃ ቢሮ ደውሉ። ቀኑ መቁጠር የሚጀምረው ማስታወቂያው ከደረሰ ጀምሮ ነው።